ሐራራው ከምሳ በኋላ፣ ሩጫው ንጋት ላይ

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው የአራት ኪሎ ልጅ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ጫት ይቅማል፣ ማታ ማታ ደግሞ ለጨብሲ፣ ከጫቱ በኋላ ለሚጠጣው መጠጥ፣ ይወጣል። በዚሁ ምክንያት ከሥራ ተባሯል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጂም እናስገባው ብሎ ወስኗል። ክፍያውን አክስታቸው ችለዋል፤ የስድስት ወሩን በአንዴ። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ስፖርት በእርግጥ ከሱስ ያወጣል ወይስ የአክስቱ ብር ውሃ በላው የሚለውን ነው። መጨረሻ ላይ እባካችሁ ስድብ አትጻፉ ብሎ ለምኗል። ልመናው እስከ መልስ 10 ድረስ ተከብሮለታል።

ክሩ ረጅም ነው፣ መሃል ላይም መንገድ ይስታል። ግን የሚቅም ወንድም ወይም የሚጠጣ አባት ቤቱ ላለ ሰው ብዙ ነገር አለበት። በራሴ አነጋገር ላውራላችሁ፤ የማይረባውን እየዘለልኩ።

መልስ 1 እና 2። አንደኛዋ ቤተሰቡ ልጁን ከቤት ከማስወጣት ይልቅ መላ በመፈለጉ አመስግና ወጣች። ሁለተኛው እርግጠኛ ሰው ነው። ላብ የሱሱን መርዝ ይዞት ይወጣል፣ ልጁ ሁለት ሳምንት አጥብቆ ከሠራ ጫት ሲያይ ራሱ ያቅለሸልሸዋል ባይ ነው። ይህን የማይል የጂም አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ንገሩኝ።

መልስ 3። እዚህ ላይ አንዲት የሳይካትሪ ነርስ ገባች። ክሩን እስከ መጨረሻው የተሸከመችው እሷ ናት። መጀመሪያ የላቡን ነገር በትህትና አረመች። በላብ የሚወጣው በአመዛኙ ውሃና ጨው ነው። የጫቱን አነቃቂ፣ ካቲኖን የሚባለውን፣ ጉበት ይሰባብረዋል፣ የተረፈው በሽንት ይሄዳል፤ ለዚህ መሮጥ አያስፈልግም። የሚቀረው ልማዱ ነው፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ አብሮ የሚቀመጠው ጓደኛ።

ቀጥላ ጠያቂው ጨርሶ ያላሰበውን አነሳች። እሷን ያስጨነቃት ከጫቱ ይልቅ ጨብሲው ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። አንዳንዱ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ስቶ ይንፈራገጣል። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ካልታከመ ይገድላል። እንዲህ ያለውን ሰው በዚያ ሳምንት ትሬድሚል ላይ ማውጣት እብደት ነው። ስለዚህ ስንት እንደሚጠጣና ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ጠየቀች።

መልስ 4 እና 5። ጠያቂው ወዲያው መለሰ። ድራፍት ብቻ የሚጠጣበት ቀን አለ፤ አረቄ የሚጨመርበት ግን ይበዛል። ጠዋት ስኒ ሲያነሳ ቡናው ይደፋበታል። እናታቸው ከጊዜ በኋላ ለእሱ ብቻ ግማሽ ስኒ መቅዳት ጀምረዋል። ቤቱ ሁሉ ይህን የጫቱ ነው ብሎ ነው የሚያውቀው።

የነርሷ ምላሽ አጭር ነው። ጂሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል። አማኑኤል ድረስ መሄድ ከከበዳቸው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሌላ ሆስፒታልም ይሆናል። እዚያ ዲያዚፓም የሚባለውን ማረጋጊያና ቫይታሚን ቢ1 እየተከታተሉ ይሰጡታል። ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ መዋጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

መልስ 6። ለእኔ የክሩ ልብ ይሄ ነው። ጸሐፊው ካዛንቺስ ያደገ፣ ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያለው ሰው ነው። ድሮ ይቅም ነበር፣ ሩጫ የጀመረውም ለመተው ብሎ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ መስቀል አደባባይ ይወርዳል። ደረጃዎቹን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ይሮጣል። ከክለብ ይምጣ ከሰፈር የማይታወቅ ቀጭን ልጅ በጎኑ እየሾለከ ያናድደዋል። ላቡን ጠርጎ ሥራ ይገባል። ደስ ይለዋል። ምሳውን ይበላል። ከዚያ 8 ሰዓት ላይ እግሩ ራሱ በርጫ ቤት ያደርሰዋል። ጭራሽ ሩጫው ሰበብ ሆነለት፤ ጠዋት የሠራ ሰው ከሰዓት ቢቅም ምን አለበት እያለ። ወራት እንዲህ ሄዱ። ከበርጫው ታዳሚ ሁሉ ጥሩ ሳንባ ያለው እሱ ሆነ።

ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። ሐራራው የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው፣ እሱ የሚሮጠው ንጋት ላይ። ንጋት ላይ የሚታገለው ነገር የለም፤ ያን ሰዓትማ ማንም ጨዋ ነው። ስለዚህ ጫማውን በፌስታል አድርጎ ቢሮ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው። 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማዛጋት ሲጀምረውና ስልኩ ላይ የጓደኞቹ ሚስኮል ሲደረደር፣ ጫማውን ቀይሮ ይወጣል። ሩጫ ሳይሆን ፈጣን እርምጃ። ከስታዲየም በለገሃር ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መልስ። መንገዱን የመረጠው በርጫ ቤቱ በዚያ በኩል ስላልሆነ ብቻ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ታክሲው ጥሩንባ ያንባርቃል፣ እሱ በሱሪና በስኒከር ይገሰግሳል። ግማሽ ሰዓቷን ማታ ቆይቶ እንዲያካክስ ከአለቃው ጋር ተስማምቷል። ምክንያቱን አልነገራቸውም፤ ሐኪም ለስኳር አዞኛል ብሏቸዋል።

መጀመሪያ አካባቢ አስቸጋሪ ነበር። ከእርምጃው ሲመለስ ኪቦርድ ላይ ይተኛል። ሌሊት ደግሞ ዱካክ መጣ፤ ከገደል ሲወድቅ፣ ሲሯሯጥ፣ ሲታነቅ ያድራል። እንቅልፉ የተስተካከለው ከሳምንታት በኋላ ነው። የእርምጃው ሥራ ይሁን ወይም ጊዜ ራሱ ያመጣው፣ አያውቅም። ይህን ማለቱን ወደድኩለት። በየቦታው እኔ እንዲህ አድርጌ ዳንኩ የሚል ሰው ሞልቷል፤ የቱ እንዳዳነው አላውቅም የሚል ግን ጥቂት ነው።

መልስ 7። የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ናት። ከ6 ጋር ተስማማች፣ ከዚያም ደስታችንን በልኩ አደረገችው። ሲጋራ ላይ በተደጋጋሚ እንደታየው አጭር እርምጃ እንኳ በዚያው ሰዓትና ጥቂት ቆይቶ አምሮቱን ያበርዳል። ስለዚህ ሐራራው በሚመጣበት ሰዓት መውጣት ሞኝነት አይደለም። ለዘለቄታው ሲሆን ግን ወሬው ይቀዘቅዛል። የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመዝነው ኮክሬን እ.አ.አ. በ2019 24 ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲመዝን፣ ከ7,000 በላይ አጫሾች ያሉባቸውን፣ ስፖርት መጨመር ሲጋራን ለረጅም ጊዜ ለማቆም እንደሚያግዝ ማስረጃ አላገኘም። በሌላ በኩል እ.አ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በ281 ሴቶች ላይ የተሠራ ሥራ አለ። ማጨስ ማቆሚያ ትምህርት ላይ ጠንካራ ስፖርት የተጨመረላቸው ከዓመት በኋላ 11.9 በመቶዎቹ እንዳቆሙ ነበሩ፤ ስፖርት ካልተጨመረላቸው 5.4 በመቶ። እጥፍ ነው። ግን ከስፖርቱ ቡድን ከመቶ 88ቱ አልዘለቁም ማለትም ነው።

ለጫት የሚቀርበው ደግሞ የአነቃቂዎቹ ጥናት ነው፣ ምክንያቱም ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ስትራይድ በሚባለው የአሜሪካ ሙከራ፣ ውጤቱ እ.አ.አ. በ2017 የወጣ፣ ኮኬይንና ሌላ አነቃቂ የሚወስዱ 302 ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቡድን መጀመሪያ ለ12 ሳምንታት በሳምንት 3 ቀን ስፖርት ሠራ፣ ሌላው የጤና ትምህርት ወሰደ። ሁሉንም ደምረው ሲያዩ ልዩነት አልተገኘም። ስፖርቱን እንደታዘዘው የተከታተሉትን ለይተው ሲያዩ ግን ትንሽ ብልጫ ታየ። ከዚህ የወሰደችው ነገር ከስፖርቱ ዓይነት ይልቅ ሰውየውን ማን ይዞ ያመጣዋል የሚለው እንደሚከብድ ነው። ልጅቷ ማንንም አታስደስትም። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አንድ ቢኖር ይበጀን ነበር።

መልስ 8 እና 9። አንዱ የፈረንጅ ጥናት ለሐበሻ አይሠራም አለ፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንኖር፣ የሯጭ ዘር ነን። ሌላዋ ጉበት ፓስፖርት እንደሌለው አስታወሰችው። ይቺን ብዙ ሰው ወዶላታል።

መልስ 10። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው አረቄን የተዉት እንጦጦ ጸበል ተጠምቀው፣ ሁዳዴውን ሙሉ እየሰገዱ ነው። ስግደት ጉልበት እንደሚፈልግ በዝርዝር ጻፉ፤ መንበርከኩ፣ ግንባርን መሬት ማስነካቱ፣ መነሳቱ፣ መቁጠሩ። የስቅለት ዕለት የሰገደ ሰው በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ እንደሚይዝ ያልሰገደ አይገባውም። ነጥባቸው ስግደት ስፖርት ነው የሚል አልነበረም። ሰውነት ሲደክም ሐሳብ ይሰበሰባል፣ ድሮም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር ነው ያሉት።

መልስ 11 እስከ 15። እዚህ ነገሩ ተበላሸ። 11ኛው እንግዲያው ፑሽ አፕም ጸሎት ነው ብሎ ቀለደ፣ ቤተ ክርስቲያን ወርሃዊ የጂም ካርድ ትስጠን ብሎ ጨመረበት። 12ኛው ሃይማኖቴን ሰደብክ ብሎ ተነሳ። 13ኛው የ11ኛውን አስተዳደግ አነሳ። 14ኛውን አወያዩ አጥፍቶታል፤ ምን እንደነበር መገመት አያቅትም። ያበረዱት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። አልተቀየምኩም አሉ። ብቻ 11ኛው ልጅ ዛሬ ማታ 41 ጊዜ ሰግዶ ነገ ተመልሶ እንዲቀልድ ጋበዙት። ልጁ ሳቀና ይቅርታ ጠየቀ። አሁንም 12ኛው አልረካም፣ ግን ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 16። ነርሷ ተመለሰች። በጸበልና በሕክምና መካከል ምረጡ የሚል ነገር እንደማትወድ ጻፈች፤ ጸበል የሚሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ አቋርጦ ግን አይሂድ። ሌላም ነገር ጣል አደረገች። በምርቃና ላይ ሆኖ መሮጥ አይሞከርም። ጫት በራሱ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሩጫ ሲጨመርበት ልብ ላይ ሁለት ጫና ነው። ይህን ያነሳችው አንዳንድ ልጆች ሲመረቅኑ ጉልበት ስለሚሰማቸው ያን ጊዜ ብረት እንደሚያነሱ ስላየች ነው።

መልስ 17 እስከ 20። የመንገድ መሳቻው ይሄ ነው። ባለ 6 ተመልሶ አንድ ነገር ጨመረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። የበርጫ ጓደኞቹ ተበታተኑ፣ ቤቱም የለም። ለመተዉ ምስጋናው ለስኒከሩ ይሁን ለዶዘሩ እርግጠኛ አይደለም። ተማሪዋ ይህን ስትሰማ ቬትናም የዘመቱትን የአሜሪካ ወታደሮች አነሳች። ሊ ሮቢንስ የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ እንዳገኘችው፣ እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ የያዛቸው ወታደሮች አብዛኞቹ አገራቸው ሲመለሱ ሱሱ አልተከተላቸውም። ቦታ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወሬው ወደ ኮሪደር ልማት ዞረ። የእግረኛው መንገድ ለእርምጃ ተመቸ አንዱ አለ፤ ሌላው የሰፈር ኳስ ሜዳስ የት ሄደ ብሎ ተቆጣ። አንድ የስድስት ኪሎ ሰው ደግሞ በ2012 በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ጃን ሜዳ ሲገባ ሜዳው ምን እንደሆነ ሊተርክልን ተነሳ። ተረከልንም። ረጅም ነው።

መልስ 21። ወደ ጉዳዩ የመለሰችን ባለትዳር ሴት ናት፣ ቃሏም ስለታም ነው። ባሏ ስፖርተኛ ነው። እሑድ ጠዋት ኳስ ይጫወታል፣ ከኳሱ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ድራፍት ቤት ይገባል፣ ሲመሽ ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ ያልጠጣውን በአንድ ቀን ይጨርሳል፣ ከተናገረችው ደግሞ ስፖርት ቦታ እንደነበር ይነግራታል። ስፖርት መድኃኒት ነው ለምትሉ ባሌን ልላክላችሁ አለች። ተማሪዋ ደግፋታለች፤ ሰዎች ከወትሮው የበለጠ በተንቀሳቀሱበት ቀን የበለጠ እንደሚጠጡ አሜሪካ ውስጥ በየዕለቱ መዝግበው ያዩ ተመራማሪዎች አሉ። እኔም ባለትዳሯ ትክክል ናት ባይ ነኝ። የሩጫ ቡድን ስትመርጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከሩጫው በኋላ የት ትገባላችሁ ነው።

መልስ 22። ቤቲንግ የያዘው ልጅ ነው። ለእሱ ስፖርት ራሱ ነው ሱሱ። ሐኪሙ ኳስ ተጫወት ሲለው፣ ሜዳ ሄዶ እረፍት ላይ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ትኬቱን ያያል። አሁን ዋና ጀምሯል። ውሃ ውስጥ ስልክ አይያዝም። ክሩ ላይ ካሉት ምክሮች ሁሉ የዚህን ያህል አጭርና ብልህ አላገኘሁም።

መልስ 23። አሜሪካ የሚኖር አንድ ወንድም እዚያ ስላለ ፎኒክስ ስለሚባል ድርጅት ጻፈ። እ.አ.አ. በ2006 ኮሎራዶ ውስጥ የተጀመረ ነው። ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች አብረው ይሮጣሉ፣ ብረት ያነሳሉ፣ ገደል ይወጣሉ። ገንዘብ አይጠየቅም። መግቢያው 48 ሰዓት ከመጠጥና ከዕፅ ነጻ መሆን ብቻ ነው። እሱን የሳበው ስፖርቱ ሳይሆን ያገረሸበት ሰው ሳያፍር ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ መግባት መቻሉ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለዚህ አዳራሽ አያስፈልግም፣ መስቀል አደባባይ አለ አለ። አንዱ ወዲያው አንተ እዚያ ሆነህ ስለ መስቀል አደባባይ አትንገረን ብሎ ኮረኮመው። ምን አጥፍቶ እንደሆነ አልገባኝም።

መልስ 24 እና 25። አንዲት ልጅ እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ ወንድ ነው አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም እስክትለው ድረስ ልብ አላልኩም። እህቷ ትጠጣለች፣ የምትጠጣውም ቤት ዘግታ ነው። እሷን 8 ሰዓት ላይ ከለገሃር ሜክሲኮ ተራመጂ ብትላት ለከፋው ብቻ ያስመልሳታል። ደግሞ የስፖርት ልብስ ለብሳ ከግቢ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ የት ልትሄድ ነው ይላል። ነርሷ እንዳንዳንዶቹ በባዶ ቃል አላጽናናቻትም። ገመድ ዝላይ ትጀምር፣ ብቻዋን ግን አትዝለል፣ አንቺ አብረሻት ዝለይ አለቻት። እና አማካሪ ጋር ይዘሻት ሂጂ፣ ሲጀመር ሴት አማካሪ ጠይቂ። ልጅቷ ሲመሽ ይሞክሩት እንደሆነ ጻፈች፤ እህቷ ጠርሙሱን የምትከፍተው 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ነው።

መልስ 26። ጠያቂው ሰነባብቶ መጣ። ወንድሙን ሆስፒታል ወስደውታል። ተኝቶ እንዲታከም ተደርጎ መንቀጥቀጡ በርዷል፣ አሁን በቀጠሮ እየተመላለሰ ነው። ጫቱን አልተወም፣ ቀንሷል። ሐኪሙ ስፖርት ይጀምር፣ ቀስ ብሎ ብሏል። የገረመው ግን ሌላ ነው። ወንድሙ ጂም አልሄድም አለ። ብረት ማንሳት ከድሮም አይወድም፤ መስታወት ፊት ሰው መሃል መቆም ያሳፍረዋል። የሚፈልገው ኳስ ነው፤ በረኛ ነበር። ቤተሰቡ ያን ሁሉ ስብሰባ ሲያደርግ እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ባለ 6 የከሰዓት ኳስ እንዲፈልጉለት ጻፈ፤ የማታው ወይም የእሑዱ ሳይሆን የ9 ሰዓቱ። ባለትዳሯ ከኳሱ በኋላ ቀጥታ ቤት የሚያመጣው ሰው ይኑር ብላ አሰመረችበት። ባለ ቤቲንጉ በረኛ እንኳን ሆነ፣ በረኛ እረፍት ላይ ብቻ ነው ስልክ የሚያየው ብሎ ቀለደ።

የቀረው የጂሙ ብር ነበር። ጂሙ አልመልስም ብሏል። ሦስት ሰዎች ካርዱን እንግዛው ብለው ተሽቀዳደሙ፣ አንዱ ዋጋ ሊያስቀንስ ሞከረ። ጠያቂው ግን ካርዱ ተይዟል አለ። አክስታቸው ገንዘቤ ከሚቃጠል ብለው ራሳቸው ጀምረዋል፤ ሰኞና ሐሙስ፣ ነጠላቸውን መቀየሪያ ክፍል ሰቅለው። የመጨረሻው መልስ የነርሷ ነው። ትሬድሚሉ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ግፊታቸውን ተለክተው እንደሆነ ጠይቃለች፤ እስካሁን የመለሰላት የለም።